የጎረቤት ዋይፋይ የሚያሳየው አፕ፦ ምን ይጠቅማል? እንዴትስ ይነበባል?

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አለ፦ «ቀን ላይ ዋይፋዩ ደህና ነው፤ ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ይንቀራፈፋል። ፓኬጅ ልጨምር?» መልሳችን አጭር ነው። ብር ከመጨመራችሁ በፊት አየሩን እዩት።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ የመስመር ዋይፋይ ለተማሪውም፣ ለነጋዴውም፣ ውጭ አገር ዘመድ ላለውም ምን ማለት እንደሆነ አይተናል። ያለንን በአግባቡ መጠቀም ሳይሻል አይቀርም።

📌 አፑ ምንድን ነው?

ዋይፋይ አናላይዘር ይባላል። ፕሌይ ስቶር ላይ በዚሁ ስም ብዙ አፕ ስላለ ቪአርኢኤም የሚባለው አዘጋጅ የሠራውን ፈልጉ። ነፃ ነው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ማስታወቂያ የለውም። የኢንተርኔት ፈቃድም አይጠይቅም፤ ስለዚህ ያየውን ወደ ሌላ ቦታ አይልክም።

እንዴት ያያል? እያንዳንዱ ራውተር በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ስሙን፣ ቻናሉንና የመቆለፊያውን ዓይነት ያውጃል። አፑ ይህን አዋጅ ሰምቶ ይዘረዝራል፣ በቃ። ሥራው አዲስ አይደለም፤ ከ20 ዓመት በፊትም የማሪየስ ሚልነር ኔትስታምብለርና የማይክ ከርሾው ኪስሜት ኮምፒውተር ላይ ይህንኑ ያደርጉ ነበር።

📌 ስትከፍቱት

ስልኩ ሎኬሽን አብሩ ይላችኋል። አትደንግጡ፤ በዙሪያችሁ ያሉት ዋይፋዮች ያላችሁበትን ቦታ ሊጠቁሙ ስለሚችሉ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ የተቀመጠ ግዴታ ነው። ከአንድሮይድ 9 ወዲህ ደግሞ አንድ አፕ በ2 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ጊዜ በላይ መቃኘት አይፈቀድለትም። ቁጥሩ ቶሎ ካልተቀየረ ስልካችሁ ተበላሽቶ አይደለም።

📌 ምን እናነባለን?

1. ጥንካሬ። ቁጥሩ የመቀነስ ምልክት አለው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል። -50 በጣም ጥሩ፣ -67 አካባቢ ለቪዲዮ ጥሪ የሚበቃ፣ ከ-80 በታች ደካማ ነው። የ10 ልዩነት ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ ጉልበቱ በ10 እጥፍ ተለያየ ማለት ነው።

2. ቻናል። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከ1 እስከ 13 ያሉት ቻናሎች የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ አንድ ዋይፋይ ግን ቢያንስ 20 ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ሁለት ጎረቤታሞች ሁለቱም 6 ላይ ቢሆኑ ተራ እየጠበቁ ይሠራሉ፤ እንደ እድር ስብሰባ። አንዱ 6፣ ሌላው 8 ላይ ሲሆን ግን ጎን ለጎን ተተክለው ሞንታርቦ እንደከፈቱ ሁለት የሰርግ ድንኳኖች ነው፤ ማንም ማንንም አይሰማም።

3. መቆለፊያ። ደብሊውፒኤ2 ወይም 3 ካለ ጥሩ። ደብሊውኢፒ ካለ ያረጀና በቀላሉ የሚሰበር ነው። ምንም ከሌለ ቤታችሁ ክፍት ነው።

📌 ከዚያስ?

ሆጤ ፎቅ ላይ ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ፣ የላይኛው፣ የታችኛውና የጎኑ ቤት ራውተር ሁሉ ይታያችኋል። ግራፉ ላይ ከ1፣ 6 እና 11 ደካማ ጎረቤት ያለበትን ምረጡ። የራውተሩን ገጽ ክፈቱ፤ አድራሻውና መግቢያው ብዙ ጊዜ ከጀርባው ተለጥፏል። ቻናሉን ቀይሩ፣ ስፋቱን 20 አድርጉ። ስልካችሁና ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ካላቸው እሱን ተጠቀሙ፤ ቻናሉ ብዙ ነው፤ ግድግዳ ግን ቶሎ ያደክመዋል።

ቦታውንም እዩ። አፑን ይዛችሁ ከክፍል ክፍል ዙሩ። ቆርቆሮ ሞገዱን መልሶ ይወረውረዋል፣ ወፍራም ኮንክሪት ይውጠዋል። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቶ ከፍ ያለና መሃል ቦታ ማስቀመጥ አንዳንዴ ከፓኬጅ ጭማሪ ይበልጣል።

📌 የማያደርገው

ፓስወርድ አይሰብርም። ዋይፋያችሁን ማን እየተጠቀመ እንደሆነ አይናገርም፤ ያንን ራሱ የራውተሩ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ከውጭ የሚገባው መስመር ራሱ ከደከመም አያስተካክልም። ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ -40 እያነበባችሁ ኢንተርኔቱ ከተንቀራፈፈ፣ ችግሩ አየሩ ላይ አይደለም፤ ያኔ አገልግሎት ሰጪው ጋ መደወል ነው።

⚠️ ሁለት ማስጠንቀቂያ

ካፌ ወይም ሆቴል ውስጥ አንድ ስም ሁለቴ፣ አንዱ ተቆልፎ ሌላው ተከፍቶ ካያችሁ፣ በተከፈተው የባንክ አፕ አትክፈቱ። አስመስሎ የተከፈተ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ አስተናጋጁን ጠይቁ።

ሌላው፦ የጎረቤትን ስም ማየትና ሳይፈቀድ መግባት ለየቅል ናቸው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 ያለፈቃድ የሰው ኔትወርክ ውስጥ መግባትን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ ያስቀጣል።

በመጨረሻም፣ ጎረቤታችሁ ቻናል 8 ላይ ከሆነ ቡና ላይ ንገሩት። ወደ 6 ወይም 11 ቢዛወር ለእሱም ለእናንተም ይሻላል። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉት!