ፊት ጎታች ሚኒባስ በጭቃና በእርጥብ ሣር ላይ፡ ጉልበት ሳይሆን ክብደት

በአውበሬ ወረዳ የምትገኘው ሸደር በ2000 ዓ.ም. የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ከተከፈተባት ወዲህ የረድኤት ድርጅቶች ላንድክሩዘር የማይጠፋባት ከተማ ሆናለች፡፡ ነዋሪው ግን የሚጓዘው በላንድክሩዘር አይደለም፡፡ ነጋዴው ሸቀጡን፣ ቤተሰብም ነፍሰ ጡሯን ወደ ጅግጅጋ የሚያደርሰው ባገኘው ሚኒባስ ነው፡፡ ዝናብ በጣለ ማግስት ከዋናው መንገድ ሃምሳ ሜትር ወጣ ብሎ ጭቃ የያዘው መኪና፣ ምጥ ለያዛት ሴት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም፡፡

በአገራችን ሚኒባስ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ቶዮታ ሃይኤስ ነው፡፡ "ዶልፊን" የሚል ቅጽል የወጣለትን ጨምሮ ሃይኤስ በአብዛኛው ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን የሚያዞር፣ ማለትም "ኋላ ጎታች" ነው፡፡ ሾፌሮቻችን ጭቃ ላይ የሚጠቀሙበት ዘዴ ሁሉ የተለመደው በዚህ መኪና ላይ ነው፡፡ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ የተሠራው ቶዮታ ኖህ፣ ፊያት ዱካቶ፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የመጣው አዲሱ የፎልክስዋገን ትራንስፖርተር ግን ፊት ጎታች ናቸው (ባለ አራት ጎማ ጎታች ሆነው የተሠሩት ሳይቆጠሩ)፡፡ ነባሩ የፎልክስ ኮምቢ ሞተሩ ከኋላ፣ የሚያዞረውም የኋላ ጎማ ስለነበር ጭቃን ደህና አድርጎ ይቋቋም ነበር፡፡ አዲሱን እንደ አሮጌው የነዳ ሰው ጭቃ ላይ ይቀራል፡፡

ጭቃውም እንደየአፈሩ ይለያያል፡፡ በጅግጅጋ ሜዳ ላይ በአማርኛ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በብዛት ይገኛል፡፡ በመላ አገሪቱ ይህ አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይገመታል፡፡ በበጋ ይሰነጠቃል፤ "ጉ" እና "ከረን" በሚባሉት የአካባቢው የዝናብ ወቅቶች ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ እንደ ሙጫም ይጣበቃል፡፡ የጎማውን ጥርስ በሁለትና በሦስት ዙር ስለሚሞላው አዲስ ጎማ እንኳ ከተላጨ ጎማ አይለይም፡፡ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በኦጋዴን በኩል ወደ ሐረር ይገሰግስ የነበረውን የግራዚያኒን ባለሞተር ጦርም ዝናብና ጭቃ አጓትተውታል፡፡ ሐረር የገባው ሚያዝያ 30 ቀን ነበር፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፡፡ ጎማ መሬት የሚይዘው በላዩ ባረፈው ክብደት ልክ ነው፡፡ በምሳሌ እናስላው፡፡ ባዶውን 1,500 ኪሎ የሚመዝን ፊት ጎታች ሚኒባስ 900 ኪሎው ከፊት፣ 600 ኪሎው ከኋላ ያርፋል እንበል፡፡ እርጥብ ሣር ላይ ጎማው የሚያገኘው መያዣ ከተሸከመው ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ የፊት ጎማዎች መጎተት የሚችሉት 180 ኪሎ ነው፡፡ መቶ ሜትር ሲኬድ አሥር ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ለመውጣት ደግሞ ይህ መኪና 150 ኪሎ ጉተታ ያስፈልገዋል፡፡ በጭንቅም ቢሆን ይወጣል፡፡ አሁን 500 ኪሎ ጭነት ከኋላ ጎማዎች በላይ እንጫንበት፡፡ የሚያስፈልገው ጉተታ 200 ኪሎ ሆነ፤ የፊት ጎማዎች አቅም ግን እዚያው 180 ላይ ቀረ፡፡ ጭነቱ ከኋላ ጎማ አልፎ ወደ በሩ ከተጠጋማ አፍንጫውን ስለሚያነሳው አቅሙ ይባስ ይቀንሳል፡፡ መሬቱ ሲሰምጥ የሚጨምረውን ተቃውሞ ገና አልቆጠርንም፡፡ ሞተሩ መቶም ሁለት መቶም የፈረስ ጉልበት ቢኖረው ይህን ሒሳብ አይለውጠውም፡፡

ኋላ ጎታቹ ሃይኤስ ሲጫን ጎማው የተሻለ ይይዛል፤ ፊት ጎታቹ ሲጫን አቅም ያንሰዋል፡፡ ስለዚህ ከአስፋልት ከመውጣት በፊት ከባዱ ዕቃ፣ የስኳርና የሩዝ ማዳበሪያው ሁሉ ከሾፌሩ መቀመጫ ኋላ ተጠግቶ ይደርደር፡፡ አስቸጋሪው ቦታ ሲደርስ የኋላ ወንበር ተሳፋሪዎች ይውረዱ፡፡ ስድስት ሰው ከ400 ኪሎ በላይ ነው፡፡ ማንም ጫማው እንዲጨቀይ አይወድም፤ ነገር ግን ቆይቶ ከመግፋት አስቀድሞ መውረድ ይሻላል፡፡

ለብዙዎች እንግዳ የሚመስለው ዘዴ ዳገትን በኋላ ማርሽ መውጣት ነው፡፡ ዳገት ላይ ክብደት ወደ ታችኛው ጎማ ያደላል፡፡ ፊት ለፊት ሲወጣ የፊት ጎማ ይቀልለዋል፤ በኋላ ማርሽ ሲወጣ ግን የፊት ጎማዎች ከታች ስለሚሆኑ ይከብዳቸዋል፡፡ ከላይ በጠቀስነው ጭነትና ዳገት ልዩነቱ መቶ ኪሎ ገደማ ሊደርስ ይችላል፡፡ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ድንኳን ወደተተከለበት ሣር የሚወርድ ሾፌርም መውጫው ዳገት ከሆነ አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ ቢያቆም ሲወጣ ይጠቅመዋል፡፡

ሣር ከጭቃ የሚለየው ብዙ ጊዜ አንድ ዕድል ብቻ ስለሚሰጥ ነው፡፡ ሥሩ አፈሩን አቅፎ እስከያዘ ድረስ መኪና ይሸከማል፡፡ ጎማው አንዴ ባዶውን ከዞረ ግን ሣሩ ይገሸለጥና ከሥሩ ያለው ጭቃ ይወጣል፡፡ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳያበዙ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መነሳት ነው፡፡ የታጠፈ ጎማ መሬቱን ይገፋል እንጂ መኪናውን አይጎትትም፡፡ የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዱ ደግሞ ይበልጥ እግራቸውን ያለዝቡ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን ገና ሲረገጥ ነው የሚያወጣው፡፡

ከሃይኤስ የተወረሰ አንድ ስህተትም አለ፡፡ አንዱ ጎማ ባዶውን ሲዞር ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ለሌላው እንዲያካፍል የእጅ ፍሬን በመጠኑ መሳብ በኋላ ጎታች መኪና ላይ ይሠራል፡፡ በፊት ጎታች ላይ ግን የእጅ ፍሬኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የኋላ ጎማን ስለሆነ መኪናውን ከማሰር በቀር የሚፈይደው የለም፡፡ በምትኩ ነዳጅ እየሰጡ የእግር ፍሬኑን በጣም በቀስታ መንካት አንዳንዴ ይረዳል፤ ለአፍታ ብቻ፡፡ የጎማ መንሸራተትን በራሱ የሚቆጣጠር ሲስተም ያለው መኪና ጭቃ ውስጥ ጉልበቱን ቆርጦ ቀጥ ካለ፣ የማጥፊያው ቁልፍ ተጭኖ ይሞከር፡፡ ሰንሰለት የሚታሰረውም በፊት ጎማዎች ላይ ነው፡፡

የጎማን ነፋስ መቀነስ ለአሸዋ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለዋልካ ግን ብዙም አላምንበትም፡፡ የሚቀንስ ሰው የፊቶቹን ብቻ፣ ከ20 ሳያወርድ፣ በዝግታ ለጥቂት ሜትሮች ይንዳ፡፡ መንፊያ ሳይዙ ወይም ጎሚስታ በሌለበት መንገድ ይህን ማድረግ ሌላ ችግር መጥራት ነው፡፡

መኪናው ከተያዘ በኋላ ነዳጅ መርገጥ ጉድጓድ መቆፈር፣ ፍሪሲዮንም ማቃጠል ነው፡፡ የተጠራቀመውን ጭቃ ከፊት ጎማዎቹ በአካፋ ጠርጎ፣ መሄድ በተፈለገበት አቅጣጫ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ጣውላ፣ የመኪናውን ምንጣፍ ወይም ባዶ ማዳበሪያ ከጎማው ሥር ማስገባት ይሻላል፡፡ የግራር ቅርንጫፍ ግን አይነጠፍ፤ እሾሁ ጎማ ይበሳል፡፡ ጎማው የተነጠፈውን ነገር አስፈንጥሮ ሊወረውር ስለሚችል በዚያ መስመር ማንም አይቁም፡፡ በሌላ መኪና ሲጎተትም ገመዱ የሚታሰረው ለመጎተቻ በተሠራው ቀለበት ላይ እንጂ በፓራውልት ላይ አይደለም፡፡ የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ ሰው ይገድላል፤ ተመልካች ይራቅ፡፡

በሽተኛ ካልተጫነ ደግሞ መጠበቅም አንድ ዘዴ ነው፡፡ ፀሐይና ነፋስ ካለ የዋልካ ላይኛው ገጽ በግማሽ ቀን ሊጠነክር ይችላል፡፡ በሽተኛ ካለ ግን በጨለማ ከመሞከር በሽተኛውን እስከ ደረቁ መንገድ በቃሬዛ ተሸክሞ ሌላ መኪና መፈለግ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል፡፡

ከጭቃው ከተወጣ በኋላ የፊት ጎማዎች ውስጠኛ ክፍል ይታጠብ፡፡ ቸርኬው ላይ የደረቀ ዋልካ አስፋልት ላይ መሪውን ያንቀጠቅጣል፡፡ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለው ላስቲክ፣ መካኒኮች ኩፊያ የሚሉት፣ መቀደድ አለመቀደዱም ይታይ፡፡ ከተቀደደ ግራሶው ይፈስሳል፣ ጭቃ ይገባል፤ መኪናው መሪው ታጥፎ ሲሄድ "ቀጭ ቀጭ" ማለት ከጀመረ የሚቀየረው ላስቲኩ ብቻ አይሆንም፡፡