አረርና ምድጃ፦ በሸዋ ደጋ ጥይት በቤት የፈሰሰበት ዘመንና ማብቂያው



የዛሬው ርእሴ በመዳፍ ውስጥ ገብታ የምትጠፋ ትንሽ ነገርን ይመለከታል፤ አባቶቻችን «አረር» ያሏትን የእርሳስ ድብልብል። የኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ጠመንጃ ብዙ ተብሏል፤ ስንት ሺህ ገባ፣ በየትኛው ወደብ ገባ፣ ማን ሸጠ፣ ማን ከለከለ። ስለ መድፍም እንዲሁ። ጠመንጃው የሚተፋው ነገር ከየት ይመጣ እንደ ነበር ግን እምብዛም አልተጠየቀም። እኔ ለማስረዳት የምሞክረው ይህን ነው፦ እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ጥይት ተዋጊው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ምድጃው ላይ ሊሠራው የሚችል ነገር ነበር። ከዚያ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከምድጃው ወጥቶ በባሕር ማዶ ፋብሪካ እጅ ገባ። ይህ ለውጥ በዓድዋ ጠቅሞናል፤ ከዓድዋ አርባ ዓመት በኋላ ደግሞ ብዙ ዋጋ አስከፍሎናል።

ከቋንቋው ልጀምር፤ ሰነድ በጎደለበት ቋንቋ ይመሰክራልና። በግእዝ «ዐረር» የማዕድኑ ስም ነው፤ እርሳስ ማለት ነው። ወደ አማርኛ ሲሻገር ቃሉ ከማዕድኑ ተነሥቶ በጥይቱ ላይ ዐረፈ። ዛሬ «አረር ዘነበ» ብንል ማዕድኑን የሚያስብ የለም። ማዕድኑ በአማርኛ የቀረለት ስም «እርሳስ» ነው፤ የዐረብኛው «ረሳስ» ዘመዱ ሲሆን፣ ዐረቦችም በዚያው ቃል ጥይትን ይጠሩበታል። ተማሪዎቼን «እርሳስ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ሁሉም መጻፊያቸውን ያነሡልኛል። (በመጻፊያው ውስጥ አንዲት ቅንጣት እርሳስ የለም፤ ግራፋይት ነው።) አንድ ሕዝብ ማዕድኑንና ጥይቱን በአንድ ስም ከጠራ፣ አንዱ ሌላውን ሲሆን በዐይኑ እያየ ኖሯል ማለት ነው ብዬ አምናለሁ። የፋብሪካ ጥይት ለሚገዛ ሰው እንዲህ ያለ ስም አይመጣለትም።

ጠመንጃ በአገራችን ሰፊ ዝና ያገኘው በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ነው። በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም የወደቁት በነፍጥ ተመትተው ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመታት የዘለቀው ጠመንጃ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር፦ መጀመሪያ ባሩድ፣ ከዚያም በጨርቅ ወይም በወረቀት የተጠቀለለ አረር፣ ከዚያም በዘንግ መጠቅጠቅ። አረሩ ክብ ነው፤ ከእርሳስ በቀር ሌላ ነገር የለበትም።

ለምን እርሳስ ሆነ? ክብደቱ አንድ ምክንያት ነው። ለእኛ ነገር ይበልጥ የሚጠቅመው ምክንያት ግን የሚቀልጥበት ሙቀት ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። መዳብ 1085፣ ብረት 1538 ዲግሪ ይፈልጋሉ። በሦስት ጉልቻ መካከል የሚነድ ደረቅ ማገዶ፣ ያለ ወናፍ፣ እርሳስን ለማቅለጥ ይበቃል፤ ብረትን ለማቅለጥ ግን ፈጽሞ አይደርስም። በዚህ የሙቀት ልዩነት ውስጥ አንድ ትልቅ የማኅበራዊ ታሪክ ጉዳይ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሲያስፈስሱ የአውሮፓ ባለሙያዎችን፣ ትልቅ የማቅለጫ እቶንና ብዙ የሰው ጉልበት ማሰባሰብ ነበረባቸው። የዚያው ዘመን ነፍጠኛ አረሩን ለማፍሰስ የሚያስፈልገው አንድ የብረት ጭልፋና አንድ ቅርጽ ማውጫ ነው። ቅርጽ ማውጫው እንደ ጉጠት የሚከፈትና የሚዘጋ፣ በሁለቱ መንጋጋዎቹ ውስጥ ግማሽ ግማሽ ክብ የተቦረቦረበት መሣሪያ ነው። እርሳሱ ይፈስበታል፣ በቅጽበት ይረጋል፣ ይከፈታል፣ የተረፈችው ጭራ በቢላዋ ትቆረጣለች። የተቆረጠችው ጭራ ወደ ጭልፋው ትመለሳለች። ዒላማ ተተኩሶበት ከግንድ ውስጥ የወጣ አረርም እንዲሁ፤ እርሳስ ደጋግሞ ቢቀልጥ አይሰለችም።

እዚህ ላይ የአንጥረኛውንና የቀጥቃጩን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በደጋው ማኅበረሰብ የብረት ሠራተኛ ይፈለጋል፣ ግን ይናቃል፤ «ቡዳ» እየተባለ ይሸሻል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። ጦርና ጎራዴ ያለ ቀጥቃጭ አይሠራም፤ አረር ግን ይሠራል። ነፍጠኛው ቅርጽ ማውጫውን አንዴ ካገኘ በኋላ ወደ ቀጥቃጩ ቤት መመለስ አያስፈልገውም። የምድጃው እሳት ደግሞ የሴቶች ግዛት ነበር። የዘመቻ ስንቅ በተዘጋጀበት እሳት ላይ አረርም ፈሶ ከሆነ፣ የጦርነትን ዝግጅት የወንዶች ሥራ ብቻ አድርጎ የሚተርከው ታሪካችን አንድ ምዕራፍ ጎድሎታል ማለት ነው። የእርሳስ ጢስ ለሕፃናት መርዝ እንደ ሆነ የዛሬው ሕክምና ያውቃል።

አንድ ችግር ነበረ፤ የጠመንጃው አፍ ስፋት። ጠመንጃዎቹ ከየአገሩ የመጡ፣ ብዙዎቹም በእጅ የተሠሩ ስለ ነበሩ የአንዱ አረር ለሌላው አይሆንም። ሌላውም ዓለም ይህንኑ ችግር አይቶ ነበር። በእንግሊዝ የጠመንጃ አፍ የሚለካው ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት እኩል አረር እንደሚወጣ በመቁጠር ነበር፤ የአደን ጠመንጃ ዛሬም «12 ቁጥር» የሚባለው ከዚያ የቀረ ነው።

አሁን ወደዚህ ደጋ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ 300 ጠመንጃ በስጦታ አቀረበ። ንጉሡ ጠመንጃን በግምጃ ቤት አኑረው ለዘመቻ ሲሆን ያድሉ ነበር፤ ለባሩድም ልዩ ጥንቃቄ ያደርጉ ነበር። ይህን የምጠቅሰው የቤቱን አረር ታሪክ ከልክ በላይ እንዳላሳምረው ነው። አረሩን ማንም ሊያፈስ ይችላል፤ ጠመንጃውና ባሩዱ ግን የማንም አልነበሩም። ከእንጦጦ በስተሰሜንም ሆነ በስተደቡብ ይኖር የነበረው የቱለማ ኦሮሞ ፈረሰኛ ጠመንጃን የተዋወቀው ከአፈሙዙ ወገን ሆኖ ነው። ሃሪስ ንጉሡ በፊንፊኔ አካባቢ ያካሄዱትን ዘመቻ በመጽሐፉ ጽፎታል፤ ማንበብ የሚያሳዝን ነው። ስለዚህ «የተዋጊው ነጻነት» ስል ጠመንጃ የደረሰውን ተዋጊ ማለቴ እንደ ሆነ ይያዝልኝ።

ለውጡ ድንገት መጣ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሥር፣ አሮጌ ላይ፣ የፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊት ከናፒየር ጦር ጋር ገጠመ። እንግሊዞች የያዙት በኋላው በኩል የሚጎርሰውን ስናይደር፣ እኛ «ሰናድር» ያልነውን ጠመንጃ ነበር። ባሩዱም፣ አረሩም፣ እሳት መጫሪያውም በአንድ ቀለሃ ውስጥ ታሽጎ የመጣ ነው። በአፈሙዝ የሚያጎርስ ሰው በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲተኩስ፣ ሰናድር የያዘው እስከ ዐሥር ጊዜ ይተኩሳል። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞቱ፤ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ሲሆኑ ከእነዚያ 2ቱ ሞቱ። ሴባስቶፖል ስለ ተሰበረ ሕልም ብዙ ተጽፏል። በእኔ ግምት ግን በዚያ ቀን ዘመኑ ያለፈበት የቤቱ አረር ነው።

ትምህርቱ በፍጥነት ተወሰደ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ከግብፅ ጦር ብዙ ሬሚንግተን ማረከ። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ በአንኮበር በኩል እንጦጦ ደረሰ፤ እንጦጦ ማለት ከሱሉልታ ሜዳ ቀና ሲሉ የሚታየው ይኸው ተራራ ነው። ካመጣው ሸቀጥ ውስጥ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ የድሮው ዐይነት፣ በአፈሙዝ የሚጎርስ ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ዋጋውን ክፉኛ ዝቅ አደረጉበት፤ ራምቦም በደብዳቤዎቹ ሲያማርር ኖረ። ምኒልክ በዚያን ጊዜ ገበያው ወዴት እንደሚሄድ ያውቁ ነበር።

ገበያው የሄደው ወደ ውጅግራ ነው። ውጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊታቸው የመረጡት «ፉዚ ግራ» ሲሆን፣ አፉ 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 25 ግራም የሚመዝን ለስላሳ እርሳስ ነው። እዚህ ላይ ላፍታ ቆም ማለት ይገባል። ውጅግራ የሽግግር መሣሪያ ነው። አረሩ አሁንም እርሳስ ስለሆነ በቤት ሊፈስ ይችላል፤ ባሩዱ ጥቁሩ ባሩድ ስለሆነ በአገር ውስጥ ሊወቀጥ ይችላል፤ የናስ ቀለሃውም ተለቅሞ እንደገና ሊሞላ ይችላል። የማይቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቀለሃው ግርጌ የምትቀመጠው፣ መርፌው ሲመታት እሳት የምትጭረው ትንሿ ቆብ። እሷን የሚያበጀው የኬሚስትሪ ፋብሪካ ነው። ጥገኝነታችን የገባው፣ እንግዲህ፣ ከምስር ፍሬ በማትበልጥ ነገር በኩል ነው።

ጥይት የመንግሥታት መደራደሪያ የሆነውም ያኔ ነው። የጣሊያን መንግሥት የውጫሌን ውል ለማጽናት በማሰብ በ1885 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ 2 ሚሊዮን ጥይት ላከ፤ ምኒልክ ጥይቱን ተቀብለው ውሉን ሻሩ። በዚህ የማይደሰት ኢትዮጵያዊ አላየሁም፤ እኔም እደሰታለሁ። ግን 2 ሚሊዮን ጥይት እንደ እጅ መንሻ የሚላከው ተቀባዩ ሊሠራው ስለማይችል ነው። በገበያም እንደዚሁ ሆነ። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ለብር ዝርዝር ሆኖ ዋለ። ማንም በቤቱ የሚያፈስሰው ነገር ገንዘብ አይሆንም።

የመጨረሻውን በር የዘጋችው ትንሿ ጥይት ናት። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጢስ አልባ ባሩድ ፈልስፈው 8 ሚሊ ሜትሩን ለበል አወጡ፤ እኛ «ለበን» አልነው። ከዚያ «ምንሽር» የምንለው ማንሊከር መጣ። አፉ ጠበበ፣ ፍጥነቱ ጨመረ። በዚያ ፍጥነት ራቁቱን የሚጓዝ እርሳስ የጠመንጃውን ጥርስ መያዝ አቅቶት ይላጣል፤ ስለዚህ በመዳብና በኒኬል ቅይጥ ልባስ መሸፈን ነበረበት። ልባስ የሚሠራው በመጭመቂያ ማሽን ነው። ጥይቲቱ ባነሰች ቁጥር ከምድጃው እየራቀች ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ነሐሴ 1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የተፈረመው ውል ለኢትዮጵያ መሣሪያ የማስገባት መብት ሰጠ፤ ጦርነቱ ሲቃረብ እንግሊዝና ፈረንሳይ የሽያጭ ፈቃዱን ነፈጉ። ሠራዊቱ የያዘው ጠመንጃ የየአገሩ ስለ ነበረ የአንዱ ጥይት ለሌላው አልሆነም፤ የጥንቱ የአረር ችግር ተመልሶ መጣ። በጥንቱ ዘመን መፍትሔው ሌላ ቅርጽ ማውጫ ነበር፤ አሁን መፍትሔው ጅቡቲ ወደብ ላይ ተይዟል። እርሳስ በድብቅ ማስገባት ቀላል ነው፤ ክብደት ሊሆን ይችላል፣ ቧንቧ ሊሆን ይችላል። የታሸገ ጥይት ግን ከጥይትነት በቀር ሌላ ሊመስል አይችልም።

ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች በጣሊያን የተያዘችውን አዲስ አበባን ሲያጠቁ፣ በሰሜን በኩል የመጡት ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው ደጃዝማች አስፋ ወሰን ካሣ የተነሡት ከፍቼ ነው፤ የፍቼ መንገድ በሱሉልታ ያልፋል። ያን መንገድ የመጡት ሰዎች በዝናራቸው የያዙት የተቆጠረ ነበር፤ የተተኮሰውን የሚተካ ፋብሪካ በኋላቸው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ባሉት ዓመታት አርበኛው ጥይት የሚያገኘው ከጠላት ማርኮ ወይም እንደ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች ከከተማ በድብቅ ሲያወጡለት ነው። ይህም ጥይት 6.5 ሚሊ ሜትር የሆነው የካርካኖ ጥይት ከሆነ ለውጅግራ አይጎርስም፤ ጠመንጃውንም አብሮ መማረክ ያስፈልጋል። አንድ ጥይት ለመተካት አንድ ውጊያ መዋጋት ግድ ሆነ ማለት ነው።

የተሰጠኝ ጊዜ እዚህ ላይ አበቃ። በአዳራሹ ያላችሁ አባቶችና እናቶች ስለ ቅርጽ ማውጫው የምታውቁት ስም ካለ፣ ከጥያቄዎቹ በፊት እሱን ብሰማ ደስ ይለኛል።