የኦክሲጅን ሙሌት መለኪያ፦ ጣት ላይ የሚነበበው ቁጥር ምን ይናገራል?

የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ከፎገራ ሜዳ ላይ ከሸሹ በኋላ ወባ ይነሣል፤ የሳንባ ምች ደግሞ ወቅት ሳይመርጥ ሕፃናትን ይይዛል። ትንፋሹ የሚፋጠን ልጅ አዝላ ወረታ ከተማ የደረሰች እናት ምርመራ ክፍል ስትገባ፣ ቀይ ብርሃን ያለው ትንሽ መቆንጠጫ በልጇ ጣት ላይ ሲደረግ ታያለች። ባለሙያዎቹ ፐልስ ኦክሲሜትር ይሉታል፤ እርስ በርሳቸውም «ሳቹሬሽኑ ስንት ነው?» ይባባላሉ። አንዱ «88» ይላል። ልጁ ኦክሲጅን ይሰጠው አይሰጠው፣ እዚሁ ይታከም ወይስ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ይላክ የሚለው ነገር በዚያች ቁጥር ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። እናቲቱ ግን ከሰማችው ውስጥ የገባት ነገር የለም።

ለዚህ መሣሪያ «የኦክሲጅን ሙሌት መለኪያ» የሚለው ስም ይስማማዋል። በአጭሩ «ኦክሲጅን መለኪያ» የሚሉት አሉ፤ ነገር ግን ይህ አጠራር ሰውን ሊያሳስት ይችላል። መሣሪያው በደም ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን ብዛት አይለካም፤ የሚለካው ሙሌቱን (ሳቹሬሽኑን) ነው።

በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሳንባ ውስጥ ኦክሲጅን ይጭናል፣ በመላ አካል እየዞረ ያራግፋል። ሙሌት የሚባለው ከልብ ወደ አካል በሚሄደው ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ከመቶ ስንቱ ኦክሲጅን እንደጫነ ነው። አንድ የወረታ ሩዝ ነጋዴ «ከመቶ ጆንያዬ 97ቱ ሙሉ ነው» ቢለን በመጋዘኑ ስንት ኩንታል እንዳለ አናውቅም፤ ጆንያው በጠቅላላው መቶም ሺህም ሊሆን ይችላል። በፎገራ ይህ ልዩነት ሕይወት ነው። ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል፤ የአንጀት ትል ደም ይመጥጣል። ደሙ እጅግ ያነሰ ሕፃን የቀረችው ጥቂት ሄሞግሎቢን ሙሉ በሙሉ ኦክሲጅን ጭና መሣሪያው 98 ሊያነብ ይችላል፤ አካሉ ግን ኦክሲጅን ተርቧል። ቁጥሩ ጥሩ ነው ብሎ የዓይኑን ሽፋን ገልብጦ ሳያይ፣ መዳፉ መንጣቱን ሳያስተውል፣ የደሙን መጠን ሳያስለካ ወደ ቤት የሚልከው ባለሙያ ተሳስቷል።

መሣሪያው ደም ሳይቀዳ እንዴት ያውቃል? ኦክሲጅን የጫነ ደም ደማቅ ቀይ ነው፤ ያራገፈው ይጠቁራል። ከመቆንጠጫው አንድ ጎን ሁለት ዓይነት ብርሃን በየተራ ይፈነጥቃል፦ በ660 ናኖሜትር ገደማ ቀይ፣ በ940 ገደማ ደግሞ ዓይን የማያየው ታሕተ ቀይ። ኦክሲጅን የጫነው ሄሞግሎቢን ቀዩን በብዛት ያሳልፋል፣ ታሕተ ቀዩን ይውጣል፤ ያልጫነው ተቃራኒውን ያደርጋል። ከወዲያኛው ጎን ያለው ተቀባይ የተረፈውን ብርሃን ይለካል። ችግሩ ብርሃኑ በቆዳ፣ በሥጋና በአጥንትም ማለፉ ነው። የደሙን ድርሻ ከዚያ ሁሉ ለይቶ ማውጣት ለብዙ ዓመታት አስቸግሮ ነበር። ኦክሲሜትር የሚለውን ስም ያወጣው ግሌን ሚሊካን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለአውሮፕላን አብራሪዎች ጆሮ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ለዕለት ተዕለት ሕክምና ግን አልተመቸም።

ቋጠሮውን የፈታው በቶኪዮ የኒሆን ኮህደን ኩባንያ መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ ነው። በ1972 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ልብ የምትረጨውን የደም መጠን ለማወቅ ደም ውስጥ የሚገባ ቀለምን በጆሮ በኩል በብርሃን ይከታተል ነበር። የደም ሥሩ ምት ንባቡን እያወዛወዘ አስቸገረው። ውዝዋዜውን ለማጥፋት ሲታገል፣ የሚፈልገው መልስ እዚያው ውዝዋዜ ውስጥ እንዳለ ተረዳ። በየምቱ የሚጨምርና የሚቀንሰው ከልብ የሚመጣው ደም ብቻ ነው፤ ቆዳና አጥንት አይመቱም። ስለዚህ በሁለቱ ብርሃኖች ላይ የሚወዛወዘውን ክፍል ብቻ ወስዶ ማነጻጸር በቂ ሆነ። «ፐልስ» (ምት) የሚለው ቃል ስሙ ውስጥ የገባውም በዚህ ምክንያት ነው። በ1974 የፈጠራ መብት ጥያቄ ቀረበ። አዮያጊ ያረፈው በኤፕሪል 2020፣ የኮቪድ ወረርሽኝ ፈጠራውን በየአገሩ ተፈላጊ ባደረገበት ወር፣ በ84 ዓመቱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ሆነ። ርካሽ ብርሃን ሰጪ ዳዮዶችና ጥቃቅን ማስሊያ ቺፖች ሲገኙ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባዮክስና ኔልኮር የተባሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች መሣሪያውን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቡት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠየቂያ ውስጥ በሽተኛው ሳይደነዝዝ ይህ መሣሪያ መደረጉና መሥራቱ ይጠየቃል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም የሕክምና ኦክሲጅንንና ይህን መሣሪያ አብሮ የሚያስፋፋ ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ ከ2016 ጀምሮ አውጥቷል። ሁለቱን ማጣመሩ ትክክል ነበር፤ መለኪያ ኖሮ ኦክሲጅን ከሌለ፣ ወይም ኦክሲጅን ኖሮ ለማን እንደሚሰጥ ካልታወቀ ልጁ አይተርፍም።

ቁጥሩ ከቦታ ከፍታ ጋር አብሮ ይነበባል። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዳገቱን ወጥተን ደብረ ታቦር ስንደርስ ከፍታው 2700 ይጠጋል። አየሩ በሳሳ ቁጥር የጤነኛ ሰው ሙሌትም በጥቂቱ ይወርዳል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለሕፃናት ኦክሲጅን የሚሰጥበት ወሰን ከ90 በታች ሲሆን፣ ከ2500 ሜትር በላይ ለሚኖሩ 87 ድረስ ዝቅ ሊል ይችላል። በአንድ ዞን ውስጥ ባሉ ሁለት ከተሞች አንድ ቁጥር ሁለት ውሳኔ ሊያስከትል ይችላል ማለት ነው። የራሳችን ሰዎች ደግሞ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አሳይተዋል። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የስሜን ደጋ ነዋሪዎች አማካይ ሙሌት 95.3 ሆኖ ተገኘ። በቲቤትና በአንዲስ ተራሮች ካሉ ነዋሪዎች የተለየ ውጤት ነበር።

መሣሪያው የሚሳሳትባቸውም ጊዜያት አሉ። እጅ ሲቀዘቅዝ ምቱ ይደክማል፤ ሕፃን ሲወራጭ ንባቡ ይዘላል፤ የጥፍር ቀለም ወይም ሂና ብርሃኑን ሊከለክል ይችላል። እንሶስላ የሞቀች ወላድ ጣቷ ላይ ሲለካ ጥርጣሬ ካለ የጆሮ ጫፍ ወይም ሌላ ያልተቀባ ቦታ መሞከር ይሻላል። ከ70 በታች ያለው ንባብም ብዙ አይታመንም፤ ምክንያቱም መሣሪያዎቹ የሚስተካከሉት በፈቃደኛ ጤነኞች ላይ ነው፣ እነዚያን ሰዎች ከዚያ በታች ማውረድ አደገኛ ነው።

እነዚያ ፈቃደኞች እነማን ነበሩ የሚለው ጥያቄ እኛን በቀጥታ ይነካል። በዲሴምበር 2020 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ካነበበባቸው ልኬቶች መካከል ትክክለኛው ሙሌት ከ88 በታች የሆነው በነጭ ሕሙማን 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮቹ ግን 11.7 በመቶ እንደነበረ አሳየ። ጠቆር ያለ ቆዳ ብርሃኑን ስለሚውጥ ንባቡ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጃንዋሪ 2025 ባወጣው ረቂቅ መመሪያ አምራቾች በተለያየ የቆዳ ቀለም ባላቸው ብዙ ሰዎች ላይ እንዲፈትሹ ጠይቋል። ለጤና ተቋማት መሣሪያ የሚገዛ ሁሉ ከዋጋውና ከባትሪው ዕድሜ በፊት ለአምራቹ ሊያቀርበው የሚገባ ጥያቄ፣ ይህ መሣሪያ ቆዳቸው እንደኛ በሆነ ስንት ሰዎች ላይ ተፈትኗል የሚለው ነው።