የጭስ ጠቋሚ (በሰፋፊ ሕንፃዎች)
ጭስን ቀድሞ አውቆ ደወል የሚያሰማ መሣሪያ። ጣሪያ ላይ የሚለጠፈው የተለመደው ዓይነት ጭሱ እስኪደርስበት ይጠብቃል። እንደ ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶች ባሉ ሰፋፊ ሕንፃዎች ግን ጭስ ሽቅብ ሲወጣ ይሳሳል፣ ይቀዘቅዛል፤ ፀሐይ ባጋለው ቆርቆሮ ሥር የተኛ ሞቃት አየር ሲገጥመውም መሐል ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ስለዚህ ባለጨረሩ ይመረጣል፦ ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ጨረር ከግድግዳ ግድግዳ እስከ 100 ሜትር ይሻገራል፤ ጭስ ሲያደበዝዘው ደወሉ ይጮኻል። ሌላው ዓይነት አየሩን በተበሳሳ ቱቦ እየሳበ ይመረምራል፤ ፈጣን ነው፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ውድ ነው። ጨረር ግን ጉምን ከጭስ ለመለየት ይቸገራል፤ እንደ መዘዞ ባለ ጉማም ደጋ በሩ ተከፍቶ ለሚውል መጋዘን ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። የሕንፃው ብረት በሙቀትና በቅዝቃዜ ስለሚላወስ የጨረሩ አቅጣጫ በየጊዜው ይፈተሻል።