«ኮሜዲ» እና «አስቂኝ»፤ የአንድ ቃል ታሪክ በአንድ የወጣቶች ፊልም ሲፈተን

ተርጓሚዎቻችን «ኮሜዲ» ለተባለው ቃል አቻ ሲፈልጉ ብዙውን ጊዜ «አስቂኝ ድራማ» ብለው ያልፋሉ። አቻው ለዕለት ሥራ ያገለግል ይሆናል፤ ነገር ግን ፍቺውን ከሳቅ ጋር ብቻ ስለሚያስር ጥንታውያኑ በዚህ ስም የጠሩትን ነገር ግማሹን እንኳ አይዝም።

የግሪኩ «ኮሞዲያ» የተገኘው «ኮሞስ» ከሚለው፣ ማለትም እየዘፈኑና እየጨፈሩ ከሚያልፉ የበዓል ሰዎች ጉዞ ነው። አሪስቶትል እንደ ጻፈው፣ ዶሪያውያን ቃሉን ያመነጩት «ኮሜ»፣ መንደር ከሚለው ነበር። በሁለቱም ሥር ሳቅ የለም። አሪስቶትል ራሱ መሳቂያውን አልዘነጋም፤ ሥቃይና ጥፋት የማያስከትል ጉድለት ነው ሲል ወስኖታል።

ያልተመረመረ አቻ ምን ያህል እንደሚያርቅ የዐረብኛው ታሪክ ይመሰክራል። በ10ኛው ምዕት ዓመት አቡ ቢሽር መታ የአሪስቶትልን መጽሐፍ ከሱርስት ሲመልስ ትራጀዲን «ውዳሴ»፣ ኮሜዲን «ዘለፋ» አለው። ኢብን ሩሽድ በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ማብራሪያ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1256 ማብራሪያው ወደ ላቲን ተመለሰ። ሊቃውንቱ ዕውቀት አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው በዓይናቸው የሚያዩት ቴአትር ነው።

እኛ ግን የምናየው ስላለን ፍቺውን በተግባር እንፈትነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ስለ አንተ የምጠላቸው 10 ነገሮች» የተባለው የአሜሪካ ፊልም የሼክስፒርን የአመለኛይቱን ሴት መገራት ተውኔት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያመጣ ነው። አዋላጅ ሐኪም የሆነ አባት፣ ታላቂቱ ካት ወንድ ጓደኛ ሳትይዝ ታናሺቱ ቢያንካ እንዳትይዝ ይከለክላል። ስለዚህ ፓትሪክ የተባለ ወጣት ካትን እንዲያግባባ በገንዘብ ይገዛል።

ይህን ከሜናንደር «ዲስኮሎስ» ጋር እናስተያየው፤ ተውኔቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ316 ዓመት የታየ፣ ጽሑፉም እ.ኤ.አ. በ1958 ከፓፒረስ ታትሞ የወጣ ነው። እዚያም ሰው የሚጠላ ሽማግሌ አባት በልጁና በወጣቱ ፍቅር መካከል ይቆማል። መሰናክሉ ይነሣል፤ ነገሩ በሰርግ ያበቃል፤ ሌላው አባትም ልጁን ከ3 መክሊት ጋር ይድራል። በፊልሙ ሰርግ የለም፤ ልጆቹ ገና ተማሪዎች ናቸው። በምትኩ አባትየው ካት ወደምትመኘው ሩቅ ኮሌጅ እንድትሄድ ፈቅዶ ቼክ መላኩን ይነግራታል። በእኛ አስተያየት ይህ ቼክ የ3ቱን መክሊት ቦታ ተክቷል፤ ልዩነቱ ልጅቱን ለባል ሳይሆን ለራስዋ መስጠቱ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የግጥሙ ትዕይንት ነው። ክፍያው ከተጋለጠ በኋላ ካት በክፍል ውስጥ ግጥም ስታነብ እንባ ይቀድማታል። ማንም አይስቅም። ሆኖም ጥንታውያኑ «መለየት» ያሉት፣ ሰው ያላወቀውን የሚያውቅበት መታጠፊያ ይኸው ነው። ካት እንደማትጠላው የምታውቀው እዚህ ነውና፣ ይህ ቢወጣ ፊልሙ የቀልድ ክምር እንጂ ኮሜዲ አይሆንም።

ጉድለቱም አይታለፍ። ሜናንደር ያንን ሽማግሌ እንኳ ያለ ውዴታው ተሸክሞ ወደ ግብዣው ያስገባዋል፤ ፊልሙ ግን ገንዘብ ከፋዩን ጆዊን በቡጢ አስመትቶ ከደስታው ውጭ ይተወዋል። በዚህ በኩል ከሜናንደር ይልቅ ለዘለፋ ይቀርባል፤ አቡ ቢሽር ቢያየው ደስ ባለው ነበር።

በአገራችን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔታቸውን «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ሲሉ ቃሉን ሳይተረጉሙ ወሰዱት። የእርሳቸው ሥራ በእንስሳት ተረት ሹማምንትን የሚነካ ነበርና ለአሪስቶፋንስ እንጂ ለሜናንደር አይቀርብም። ቃሉ ሁለቱንም መያዙ ለእኛ ጥቅም ነው። ስለዚህ ለዘርፉ «ኮሜዲ» ይቆይ፤ «አስቂኝ» ቅጽል ሆኖ ለትዕይንቱና ለንግግሩ ይዋል፤ ከዚህ ፊልም ጋር የሚመደቡትንም «የአፍላ ወጣቶች የፍቅር ኮሜዲ» ብንላቸው እንመርጣለን። «አፍላ» የሚለው ቃል ከ«ጎረምሳ» የሚሻለው ሴቶቹንም ስለሚያካትት ነው።