የስበት ሞገድ ስለ ኒውትሮን ከዋክብት ውህደት ምን ይገልጻል?

የስበት ሞገድ እጅግ ከባድ የሆኑ የሰማይ አካላት እርስ በርስ ሲዞሩ የሚፈጠር፣ ኅዋን ራሱን እየለጠጠና እየጨመቀ በብርሃን ፍጥነት የሚጓዝ ሞገድ ነው። ኒውትሮን ኮከብ ደግሞ አንድ ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ ሲፈነዳ የሚቀረው እምብርት ነው። ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፀሐይ ይበልጣል።

የሁለት ኒውትሮን ከዋክብት ውህደት በስበት ሞገድ አማካይነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ ነበር። ምልክቱን የመዘገቡት በአሜሪካ የሚገኙት ሁለቱ የላይጎ መመርመሪያዎችና በጣሊያን የሚገኘው ቨርጎ ናቸው። ሞገዱ ወደ ምድር ለመድረስ 130 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ተጉዟል።

የሞገዱ ድግግሞሽ የጨመረበት ፍጥነት የከዋክብቱን ክብደት ለማስላት ያስችላል። በዚህም መሠረት የሁለቱ ክብደት በድምሩ የፀሐይን 2.7 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከአዲስ አበባ እስከ ሆሳዕና ያለውን መንገድ፣ ማለትም 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ባከለበት ወቅት፣ በሰከንድ 27 ጊዜ ያህል እርስ በርስ ይዞሩ ነበር። ለመጋጨትም የቀራቸው 11 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነበር።

ከውህደቱ 1.7 ሰከንድ በኋላ ፌርሚ የተሰኘው ሳተላይት የጋማ ጨረር ፍንጣቂ መዝግቧል። ይህም የስበት ሞገድ በብርሃን ፍጥነት እንደሚጓዝ አረጋግጧል። በቨርጎ የታየው ምልክት ደካማ ቢሆንም፣ ድክመቱ ራሱ ሞገዱ የመጣበትን አቅጣጫ ለይቶ ለማጥበብ ረድቷል። በመሆኑም 11 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በቺሊ የሚገኝ ቴሌስኮፕ የውህደቱን ብርሃን ኤንጂሲ 4993 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ አግኝቷል። የደቡብ አፍሪካው ትልቁ ቴሌስኮፕም ብርሃኑን ከመረመሩት መካከል ይገኝበታል።

ብርሃኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሰማያዊ ወደ ቀይ እየተለወጠ ደብዝዟል። ይህ ለውጥ በውህደቱ ከባድ ንጥረ ነገሮች መፈጠራቸውን የሚያመለክት ነው። ስለሆነም በጣት ቀለበት ላይ የምናየው ወርቅ ከሚመነጭባቸው ክስተቶች አንዱ የኒውትሮን ከዋክብት ውህደት እንደሆነ የሚገልጸው ሐሳብ ጠንካራ ማስረጃ አግኝቷል።

በአገራችን የስበት ሞገድ መመርመሪያ ባይኖርም፣ የዚህ ክስተት መረጃ በኢንተርኔት ለሁሉም በነጻ ክፍት ነው። በሆሳዕና በሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች ተቋማት ያሉ የፊዚክስ መምህራንና ተማሪዎች መረጃውን አውርደው የከዋክብቱን ክብደት ራሳቸው ማስላት ይችላሉ።