ማደሪያ ያጣው ሰው ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ያመጠቀቻቸው ሁለቱ የቮዬጀር መንኮራኩሮች በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ሸክላ ይዘው ሄዱ። በሳይንቲስቱ ካርል ሴገን የሚመራው ኮሚቴ፣ ማንነቱ ለማይታወቅ አድማጭ 27 ሙዚቃዎችን መርጦ አስቀርጾበታል። ባህና ቤትሆቨን አሉበት። አብሯቸው የተጓዘው ግን በቴክሳስ ጎዳናዎች ጊታር እየመታ ይዘምር የነበረ ጥቁር ዓይነ ስውር፣ ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን ነው።

«ጨለማ ነበር ሌሊቱ፣ ቀዝቃዛ ነበር ምድሩ» የተባለውን ዜማ በ1927 ዳላስ ውስጥ ሲያስቀርጽ ከአፉ አንድም ቃል አልወጣም። ርእሱ ስለ ጌቴሴማኒ ሌሊት ከሚናገር የቆየ መዝሙር የመጣ ነው። ጆንሰን ግን ግጥሙን ትቶ ያንጎራጉራል፤ ጊታሩም አብሮት ያለቅሳል። ምርጫው ሲብራራ፣ ሰው በምድር ላይ ከታየ ጀምሮ ማደሪያ ያጣ ሰው የሌለበት ሌሊት መሽቶ አያውቅም ተብሏል።

ጆንሰን በ1945 ቤቱ ተቃጠለበት፤ ባለቤቱ እንደተናገረችው በራሰ መኝታ ላይ አድሮ ታመመ፤ በዚያው ዓመት ሞተ። ቮዬጀር 1 በ2012 የፀሐይን ነፋስ ክልል ለቅቃ ወደ ከዋክብት መሀል ገባች። ምድር ማደሪያ የነፈገችው ሰው እንጉርጉሮ ዛሬም እየራቀ ነው፤ ሰው ከሠራው ነገር ሁሉ ርቆ የሄደ የለም።